የኦርኬስትራ ሙዚቃ ታሪክ በአዲስ አበባ፤ ከአርባ ልጆች እስከ ብሔራዊ ቲያትር

«ኦርኬስትራ» የሚለው ቃል በሀገራችን ከአንድ በላይ ትርጉም ይዞ ኖሯል። በሙያው አጠራር ሲምፎኒ ኦርኬስትራ የሚባለው በአራት ክፍሎች የተደራጀና አብዛኛውን ጊዜ ከስልሳ እስከ መቶ የሚደርሱ ተጫዋቾች ያሉት የሙዚቃ ጓድ ነው። ክፍሎቹም የክር መሣሪያዎች፣ የእንጨት የትንፋሽ መሣሪያዎች፣ የነሐስ የትንፋሽ መሣሪያዎችና የምት መሣሪያዎች ሲሆኑ፣ ከሁሉም በቁጥር የሚበልጡት የክር መሣሪያ ተጫዋቾች፣ በተለይም ቫዮሊን ተጫዋቾች ናቸው። በኢትዮጵያ ግን ለረጅም ዘመን ኦርኬስትራ ሲባል ሕዝቡ በዓይነ ኅሊናው የሚያየው መለከት፣ ትሮምቦን፣ ሳክስፎንና ከበሮ የያዘ፣ አልፎ አልፎም ጥቂት ቫዮሊኖች የታከሉበት ጓድ ነበር። የአዲስ አበባን የኦርኬስትራ ታሪክ ለመረዳት ይህን ልዩነት አስቀድሞ መያዝ ይጠቅማል፤ የትንፋሽ ክፍሉ በጦር ሠራዊትና በቤተ መንግሥት ደመወዝ ጸንቶ ሲኖር፣ የክር ክፍሉ ግን ትምህርት ቤት በጠነከረ ጊዜ እየለመለመ፣ መምህሩ በሄደ ጊዜ እየደረቀ ቆይቷልና።

ከዐድዋ በኋላ የመጡት መሣሪያዎች

በጥንቱ የቤተ መንግሥት ሥርዐት ነጋሪት ዐዋጅ ያስነግር፣ መለከትና እምቢልታ የነገሥታቱን ጉዞ ያጅቡ ነበር። በተለይ እምቢልታ ለኦርኬስትራ አስተሳሰብ የቀረበ መሣሪያ ነው። አንዱ እምቢልታ የሚያወጣው ጥቂት ድምፅ ብቻ በመሆኑ፣ ዜማው የሚሟላው ነፊዎቹ ተራ እየተቀባበሉ የየድርሻቸውን ሲያስገቡ ነው። ስለዚህ ዜማን ለብዙ ሰው ከፋፍሎ የመጫወት ልማድ ከአውሮፓ መሣሪያዎች ጋር የገባ አዲስ ነገር አልነበረም። በጽሕፈት ረገድም ቢሆን የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የግዕዝን፣ የዕዝልንና የአራራይን ዜማ የምታስተምርበት የራሷ የዜማ ምልክት አላት።

የአውሮፓ የነሐስ መሣሪያዎች በብዛት የገቡት ከዐድዋ ድል በኋላ ነው። የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ኒኮላስ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ አርባ ያህል የትንፋሽ መሣሪያዎችን በስጦታ የላኩ ሲሆን፣ ሚሌቭስኪ የተባሉ የፖላንድ ተወላጅ መምህርም ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን እንዲያሠለጥኑ ተመደቡ። በዚህ መንገድ የተቋቋመው ጓድ በቤተ መንግሥት ግብርና በመንግሥት እንግዶች አቀባበል ላይ ማርሽና የልዩ ልዩ ሀገሮችን መዝሙር ይጫወት ነበር። ከልዩ ልዩ መንግሥታት ጋር የዲፕሎማሲ ግንኙነት በመሠረተች ሀገር እንዲህ ያለ ጓድ የክብር ብቻ ሳይሆን የፕሮቶኮል መሣሪያም ነበር፤ እንግዳውን በሀገሩ መዝሙር መቀበል የሥርዐቱ አካል ነውና።

አርባ ልጆች

በ1916 ዓ.ም. ልዑል አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖትንና ራስ ሥዩም መንገሻን ጨምሮ በርካታ መኳንንትን አስከትለው ወደ አውሮፓና ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ጉዞ አደረጉ። በዚሁ ጉዞ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ያቀረቡትን የነሐስ ሙዚቃ ሰሙ። ልጆቹ በ1915 እ.ኤ.አ. በኦቶማን ግዛት በአርመኖች ላይ ከደረሰው የዘር ማጥፋት እልቂት የተረፉና በአርመን ፓትርያርክ ጥበቃ ሥር ይኖሩ የነበሩ ናቸው። የአርመንና የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያኖች በእምነት አንድ በመሆናቸው በኢየሩሳሌም የቆየ ጉርብትና ነበራቸው፤ በአዲስ አበባም ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የአርመን ነጋዴዎችና የእጅ ሙያተኞች ይኖሩ ነበር። ልዑሉ ከፓትርያርኩ ጋር ተስማምተው አርባውን ልጆች ወደ ኢትዮጵያ ለማምጣት ወሰኑ።

ልጆቹ ከመሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ የገቡት ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም.፣ አዲሱ ዓመት ሊጠባ አምስት ቀን ሲቀረው ነው። የከተማው ሕዝብ «አርባ ልጆች» ብሎ ጠራቸው፤ ስሙም እስከ ዛሬ ሳይለወጥ ኖሯል። የኢትዮጵያ መንግሥት የመጀመሪያው ይፋዊ ኦርኬስትራ ተብሎ በታሪክ የሚጠቀሰው ይህ ጓድ ነው። ምንም እንኳ አደረጃጀቱ የነሐስ ባንድ እንጂ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ባይሆንም፣ በኖታ የሚጫወት፣ በደመወዝ የሚተዳደርና በአንድ መሪ ሥር የሚለማመድ የመንግሥት ጓድ በመሆኑ ስያሜው ያለ ምክንያት የተሰጠ አይደለም።

ኬቮርክ ናልባንዲያን በዐይንታብ ከተማ የተወለዱ፣ ከአርባዎቹ ልጆች በዕድሜ እጅግ የሚበልጡና የዜማ ድርሰት ሙያ ያላቸው ሰው ነበሩ። ለመንግሥቱ መዝሙር እንዲሆን ያዘጋጁት ሙዚቃ «የተፈሪ ማርሽ» በሚል ስም ሲታወቅ፣ ግጥሙን የደረሱት ታላቁ ባለቅኔና ጸሐፌ ተውኔት ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው። መዝሙሩ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ከተፈጸመው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ጀምሮ እስከ አብዮቱ ድረስ የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ሆኖ አገልግሏል። አንድ ከሀገሩ የተሰደደ ሰው ያቀናበረው ዜማ ከአርባ ዓመት በላይ በየትምህርት ቤቱ ባንዲራ ሲሰቀል መዘመሩ በሌሎች ሀገሮች ታሪክ ብዙ ጊዜ የማይገጥም ነው።

የአርባ ልጆች ጓድ እንደ ጓድ የቆየው ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። ከተበተነ በኋላ ከአባላቱ አንዳንዶቹ ወደ ሌላ ሀገር ሲሄዱ፣ ሌሎቹ በኢትዮጵያ ቀርተው በሙዚቃም በሌላ ሙያም ኑሯቸውን መሥርተዋል። ኬቮርክ ግን በትምህርት ቤቶችና በወታደር ባንዶች ማስተማራቸውን ቀጠሉ። ከዮፍታሔ ንጉሤ ጋር የነበራቸው ትብብርም ሙዚቃን ከተውኔት ጋር የማዋሐድን ፈለግ ከፈተ፤ በኋላ የመጡት የቲያትር ቤት ኦርኬስትራዎች በአንድ ምሽት ተውኔትም ዘፈንም የማቅረብ ልማዳቸው ከዚህ ሥር የበቀለ ነው። በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበርም ይህንኑ መንገድ ይዟል።

ከነጻነት በኋላ

የጣሊያን ወረራ የጓዶቹን ሥራ አቋረጠ። ከ1933 ዓ.ም. ድል በኋላ መንግሥት ሠራዊቱን እንደገና ሲያደራጅ የሙዚቃ ክፍሎችም አብረው ተቋቋሙ። የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ሠራዊት እያንዳንዳቸው የራሳቸው የሙዚቃ ክፍል ነበራቸው፤ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትም እንዲሁ።

ከእነዚህ ሁሉ ለሲምፎኒ ኦርኬስትራ ይበልጥ የቀረበው የክብር ዘበኛ ነበር፤ ይህም የሆነበት ምክንያት ከአንዲት ኢትዮጵያዊት ተማሪ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። በኋላ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በሚል ስም በዓለም የታወቁት የፒያኖ ደራሲ ከነጻነት በኋላ በካይሮ ቫዮሊንና ፒያኖ የተማሩት ከፖላንዳዊው ቫዮሊን ተጫዋች ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ነበር። ተማሪዋ ወደ ሀገራቸው በተመለሱ ጊዜ መምህሩም በ1936 ዓ.ም. ገደማ አብረው መጡ፤ በክብር ዘበኛም የሙዚቃ ኃላፊ ሆነው ተሾሙ። የነሐስ ባንድ በበዛበት ከተማ የቫዮሊን ሰው መሪ መሆኑ ለክር መሣሪያዎች በር ከፈተ። ቫዮሊን ቀላል መሣሪያ አይደለም። መለከት የሚነፋ ወታደር በአንድና በሁለት ዓመት ልምምድ በማርሽ ጓድ ውስጥ ሊሰለፍ ይችላል፤ ቫዮሊን ተጫዋች ግን በጣቱ ትክክለኛውን ድምፅ ራሱ ፈልጎ ማግኘት ስላለበት፣ ከሌሎች ጋር በአንድ ድምፅ ለመጫወት የሚያበቃው ችሎታ ብዙ ዓመት ይፈጃል። ኮንቶሮቪች በዚህ ኃላፊነት የቆዩት ለጥቂት ዓመታት ብቻ ሲሆን፣ ከእሳቸው ቀጥሎ ኦስትሪያዊው ፍራንዝ ዙልቬከር ሥራውን ተረከቡ።

የክብር ዘበኛ ሙዚቃ ክፍል እጣ ከሠራዊቱ እጣ ጋር የተሳሰረ መሆኑ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በግልጽ ታየ። የመፈንቅለ መንግሥቱን ሙከራ የመራው ክብር ዘበኛ በመሆኑ፣ ሙዚቀኞቹም በጥርጣሬ ታዩ፤ ታዋቂው ድምፃዊ ጥላሁን ገሠሠ ጭምር ታስሮ ነበር። ሙዚቀኛ ወታደር በሆነበት ሥርዐት ውስጥ የአንድ ቀን የፖለቲካ ቀውስ የዓመታትን ልምምድ ሊያናጋ ይችላል።

ነርሲስ ናልባንዲያንና ቲያትር ቤቱ

የኬቮርክ የወንድም ልጅ የሆኑት ነርሲስ ናልባንዲያን በ1915 እ.ኤ.አ. የተወለዱ ሲሆን፣ ወደ አዲስ አበባ የመጡት በወረራው ዘመን ነው። ከነጻነት በኋላ የማዘጋጃ ቤቱን ኦርኬስትራ አሠለጠኑ፤ በትምህርት ቤቶች የመዘምራን ጓድ አቋቋሙ፤ ለሠራዊት ባንዶች ሙዚቃ አቀናበሩ። በሰፊው ሕዝብ ዘንድ ስማቸው የድምፃውያኑን ያህል ባይታወቅም፣ በዘመኑ በአዲስ አበባ መድረክ ላይ በወጡ ሙዚቀኞች ላይ የነበራቸው ተጽዕኖ እጅግ ሰፊ ነው።

የነርሲስን ሥራ አስፈላጊነት ለመረዳት አንድ የሙያ ችግር መግለጽ ይገባል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የተባሉት ዋና ዋና ቅኝቶች እያንዳንዳቸው አምስት ድምፆች አሏቸው። አዝማሪ በማሲንቆ ሲጫወት ድምፁና ማሲንቆው አንዱን ዜማ ተከትለው ይጓዛሉ፤ ሌላ ደጋፊ ዜማ አያስፈልግም። ኦርኬስትራ ግን ሠላሳም ሆነ ስልሳ ሰው ተቀምጦበት ሁሉም አንዱን ዜማ ብቻ ቢጫወት የድምፅ ብዛት እንጂ ኅብረ ድምፅ አይሆንም። በአውሮፓ ሥርዐት የተለመደው የኅብረ ድምፅ አሠራር ሰባት ድምፆች ባሉት ስኬል ላይ የቆመ በመሆኑ፣ በቀጥታ ወደ ትዝታ ሲገባ በቅኝቱ ውስጥ የሌሉ ሁለት ድምፆችን ይዞ ይመጣል። ያን ጊዜ ዜማው የትዝታ ጣዕሙን አጥቶ እንደ ባዕድ መዝሙር ይሰማል። ስለዚህ አቀናባሪው ቅኝቱን ሳያፈርስ ለእያንዳንዱ መሣሪያ የሚሆን ድርሻ መፈለግ ነበረበት። ነርሲስ ናልባንዲያን ዕድሜያቸውን የሰጡት ለዚህ ሥራ ነው፤ የሀገሩን ዜማ ለብዙ መሣሪያ በኖታ የማቀናበርን ሙያም ለተከታዮቻቸው አስተምረዋል።

በጣሊያን ወረራ ዘመን ለሲኒማ ተጀምሮ የነበረው ሕንፃ ተሠርቶ በ1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ኻያ አምስተኛ ዓመት ሲከበር «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር» ተብሎ ተከፈተ። በመክፈቻው የቀረበው የቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው ተውኔት «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። ፍራንዝ ዙልቬከርም ነርሲስ ናልባንዲያንም በዚህ ቲያትር ሠርተዋል። ከማዘጋጃ ቤቱ የመጡ ሙዚቀኞችም የአዲሱ ቲያትር ኦርኬስትራ መሠረት ሆኑ። ለመጀመሪያ ጊዜ ኦርኬስትራው የራሱ መድረክ፣ የራሱ የልምምድ ክፍልና ከወታደራዊ ማዕረግ ውጭ የሆነ የሥራ መደብ አገኘ። ይህ ዛሬ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቲያትር የሚባለው ተቋም ነው።

ነርሲስ ናልባንዲያን እ.ኤ.አ. በ1977 በአዲስ አበባ አረፉ።

ትምህርት ቤቱና የራስ ሲምፎኒ

እስከ 1950ዎቹ ዓ.ም. ድረስ የኦርኬስትራ ሙዚቀኛ የሚፈጠረው በባንዱ ውስጥ ነበር፤ ማለትም ወጣቱ መጀመሪያ ይቀጠራል፣ ከዚያ ይማራል። ይህን ቅደም ተከተል የለወጠው የቅዱስ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መቋቋም ነው። የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ በአሜሪካ በሚገኘው ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማሩ የሙዚቃ ደራሲና ተመራማሪ ነበሩ። የትምህርት ቤቱ ሕንፃ በቡልጋሪያ መንግሥት ርዳታ የተሠራ ሲሆን፣ የቡልጋሪያ መምህራንም ለብዙ ዓመታት ፒያኖና የክር መሣሪያዎችን አስተምረዋል። በዚያው ትምህርት ቤት ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና በገናም ይሰጡ ነበር።

አሸናፊ ከበደ ለኦርኬስትራ ከጻፏቸው ሥራዎች በኢትዮጵያ አድማጭ ዘንድ ይበልጥ የሚታወቀው «እረኛው ባለዋሽንት» ነው። የእረኛ ዋሽንት ዜማ በትልቅ ኦርኬስትራ ታጅቦ የሚሰማበት ይህ ሥራ አንድ ጎዶሎ ነገርን ያሳያል። ደራሲው ኢትዮጵያዊ፣ ዜማው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ሳለ፣ ሙሉ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ የመምራት ዕድል ያገኙት በሃንጋሪ ከሀገሪቱ የመንግሥት ኦርኬስትራ ጋር ነው። አዲስ አበባ ደራሲውን ብታፈራም፣ ድርሰቱ የሚፈልገውን የክር ክፍል በሚፈለገው ቁጥር አሟልታ አልያዘችም ነበር።

በዚሁ ዘመን የተለየ መልስ የሰጠ ጓድም ተነሥቷል። በ1955 ዓ.ም. ገደማ ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል-ዳብ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ «ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ» የተባለውን ጓድ አቋቋሙ። ማሲንቆ፣ ክራር፣ በገና፣ ዋሽንት፣ እምቢልታና ከበሮ በአንድ መድረክ ላይ እንዲቀመጡ የተደረገው ያን ጊዜ ነው። እነዚህ መሣሪያዎች በየአካባቢያቸው የተለያየ ቦታና ክብር ያላቸው ናቸው፤ ለምሳሌ በገና የጸሎትና የጾም መሣሪያ ሲሆን ማሲንቆ የግብዣና የጨዋታ ነው። ስለዚህ አንድ ላይ መምጣታቸው ቀላል ውሳኔ አልነበረም። ጓዱ በኋላ በተስፋዬ ለማ መሪነት ሠርቷል፤ በ1961 ዓ.ም. አካባቢም በአሜሪካ ተዘዋውሮ ዝግጅቱን አቅርቧል። ከአብዮቱ በኋላ ግን ተበተነ። ዛሬ በየክልሉ የሚገኙት የባህል ኪነት ቡድኖች የሀገር መሣሪያዎችን በአንድ ጓድ አሰልፈው የሚያቀርቡበት ልማድ ከዚህ ጓድ ሥራ ጋር ይቀራረባል።

ከአብዮቱ ወዲህ

ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ቲያትር ቤቱ «ብሔራዊ ቲያትር» ተባለ፤ ብሔራዊ መዝሙሩም ተለወጠ። አዲሱን መዝሙር ያቀናበሩት ዳንኤል ዮሐንስ ሲሆኑ፣ ዛሬ በሥራ ላይ ያለውን የ1984 ዓ.ም. መዝሙር ሙዚቃ የደረሱት ሰሎሞን ሉሉ ናቸው። የመጀመሪያው መዝሙር ከኢየሩሳሌም በመጡ መምህር ተደርሶ ሳለ፣ ሁለቱ ተከታዮች በኢትዮጵያውያን ደራስያን መዘጋጀታቸው በመካከል ያለፈውን የትምህርት ዘመን ፍሬ ያመለክታል።

በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ዐዋጅ የምሽት መድረኮችን ስለዘጋ፣ ትላልቅ ጓዶች ገቢና ተመልካች አጡ። ኤሌክትሪክ ኪቦርድ ሲስፋፋም የአሥራ አምስት ነፊዎችን ድርሻ አንድ ሰው መያዝ ቻለ። የክር መሣሪያ ችግር ደግሞ የቆየ ነው። ክር፣ የቀስት ፀጉርና መለዋወጫ ከውጭ የሚገቡ ናቸው፤ ቫዮሊንና ቼሎ የሚጠግን ባለሙያም እንደ ልብ አይገኝም። ይህም ሆኖ ከቅዱስ ያሬድ የወጡ ሙዚቀኞች በቲያትር ቤቶችና በሠራዊት የሙዚቃ ክፍሎች ሲያገለግሉ ቆይተዋል፤ እንደ ፒያኖ ተጫዋቹ ግርማ ይፍራሸዋ ያሉትም ከትምህርት ቤቱ ተነሥተው በቡልጋሪያ ትምህርታቸውን በመቀጠል በዓለም መድረክ ታይተዋል።

ለተገልጋዮች

የቅዱስ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኝ በመሆኑ፣ ስለ ቅበላና ስለ መግቢያ ፈተና መረጃ የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲው ነው። የክር መሣሪያ ለመማር የሚፈልጉ ወላጆች ልጆቻቸውን በለጋ ዕድሜ ማስጀመር እንደሚመከር ቢያውቁ መልካም ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቲያትር የሚገኘው በአዲስ አበባ፣ ከይሁዳ አንበሳ ሐውልት አጠገብ ሲሆን፣ የዝግጅት መርሐ ግብሩን በትኬት ቢሮው መጠየቅ ይቻላል።

የቀድሞ ኦርኬስትራ አባላት ቤተሰቦች በእጃቸው የሚገኝ የኖታ ጽሑፍ፣ ፎቶግራፍ፣ የቴፕ ቅጂ ወይም የቅጥር ደብዳቤ ካለ እንዳይጥሉት ይመከራል። የዘመኑ ቅንብር አብዛኛው በእጅ የተጻፈ ስለሆነ፣ ለእያንዳንዱ መሣሪያ የተገለበጠው ወረቀት አንድ ቅጂ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ የአንድ ክላርኔት ወረቀት ሲጠፋም ቅንብሩ እንደ ተጻፈው ሊጫወት አይችልም። እንዲህ ያለ ሰነድ ለኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት (በተለምዶ ወመዘክር) ሊቀርብ ይችላል። ሰነድን ለመዛግብት ማስረከብ የቅጂ መብትን ማስተላለፍ ማለት አይደለም። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የሥራ አመንጪው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት የተጠበቀ ስለሆነ፣ ወራሾች ሥራው በመድረክ ወይም በብሮድካስት ጥቅም ላይ ሲውል ያላቸውን መብት በተመለከተ የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንን መጠየቅ ይችላሉ። ሰነዱን ከማስረከብ በፊት ወረቀቶቹን በመሣሪያ ዓይነት ለይቶ፣ የአቀናባሪውን ስምና የሚታወቅ ከሆነም ዓመተ ምሕረቱን በተለየ ወረቀት ላይ መዝግቦ ማቅረብ ሥራውን ያፋጥናል፤ በራሱ በኖታው ላይ በእስክሪብቶ መጻፍ ግን አይገባም።